ማክሊን ጫካ ውስጥ ያለች ፏፏቴ

ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ስኮትስ ራንን ካላያችሁ፣ አንድ ሰኞ ሂዱ። ሰኞ ምግብ ቤቴ ዝግ ስለሆነ እኔም የምሄደው ያን ቀን ነው።

ከታይሰንስ ፎቆች ብዙም ሳትርቁ፣ ማክሊን ጆርጅታውን ፓይክ ዳር መኪና አቁማችሁ ጫካው ውስጥ ትገባላችሁ። ጅረቱን የምትሻገሩት በሲሚንቶ መረገጫዎች ላይ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ውሃው ስለሚሸፍናቸው ሌላ ቀን ይሁን። ሸለቆው ሲያልቅ ትንሿ ፏፏቴ ወደ ፖቶማክ ትወርዳለች።

እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ስወስዳት «ጸበል ነው?» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ባዶ ጠርሙስ አወጣች።

«እማዬ፣ ይሄ የታይሰንስ ጎዳና እጣቢ ነው» አልኳት። ጠርሙሱን መለሰች፤ ፊቷ ግን ጠቆረብኝ። ምን ነበር ዝም ብል!

ልጆቻችሁን ግን ውሃው ውስጥ አታስገቡ። ክልክል ነው፤ ፖቶማክ ላዩ ጸጥ ብሎ ውስጡ ይጎትታል።

ስትመለሱ በዳገቱ በኩል ዙሩ። እናቴ ሦስቴ ዐርፋ ወጣችው። ቡናችንን ከፔርሙሱ ቀድተን የጠጣነው ላይ ስንደርስ ነው፤ ያኔ ታረቀችኝ።