ሬጉላር ወይስ ኤክስቴንሽን

አርባ ምንጭ ውስጥ «ኤምቢኤ ልጀምር ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሬጉላር ነው ኤክስቴንሽን?» ተብሎ ነው። ስለ ጊዜ የተጠየቀ ይመስላል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ግን ደመወዙ ይቆም እንደሆነ ነው።

*

ሬጉላር እንዲማር መሥሪያ ቤቱ የላከው ሠራተኛ ደመወዝ አይቆምበትም፤ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ፈርሞ ይሄዳል። ስጋቱ ወንበሩ ነው። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ቢሮዎቹ አርባ ምንጭን ጨምሮ በስድስት ከተሞች ሲደለደሉ፣ በዚያ ሰሞን ከቢሮ መራቅን ማን ይደፍር ነበር?

*

ለባንክ ሠራተኛ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ ኤክስቴንሽን ደግሞ ማታንና ቅዳሜን ይወዳል። አለቃ ይለመናል፣ ባልደረባ ይተካል፣ ውለታው በሌላ ቀን ይከፈላል። የማኔጅመንት ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ልመና ላይ ይመስለኛል።

*

ባል «ማታ ክፍል አለኝ» ሲል «ጎበዝ!» ይባላል። ሚስት ስትል «ልጆቹስ?» ትባላለች።

*

ሃርቫርድ በፈረንጆቹ 1908 ኤምቢኤን ጀመረ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች የሚሆን ፕሮግራም ከፈተ። ዛሬ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ከሬጉላር አመልካችም አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ። የእኛ ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግን ንባብና ስሌት እንጂ «ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በመጀመሪያ ዲግሪው ሥራ ያጣ ልጅ ሬጉላር ይገባል፤ ያላየውን ሠራተኛ እንዴት እንደሚያስተዳድር ያጠናል። አልፈርድበትም፤ ቤት ከመዋል ይሻላል። ሥራ ያለው ሰው ግን ሥራውን ለቆ ሬጉላር ሲገባ አይገባኝም።

*

የኤምቢኤው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የአሜሪካ ኩባንያ ሞልቷል። ከላንቴና ከጫኖ ጥሬ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው አይሱዙ የለም። ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው፣ ገበሬው፣ ደላላው ወይስ እዚያ አብስሎ የሚያከፋፍለው ነጋዴ? መንገድ ላይ የተበላሸውስ በማን ሒሳብ ነው? በእኛ አቆጣጠር በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ኤምቢኤ የሚያስተምረው በዚህ ሙዝ አገር ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ የማታው ተማሪ ነው፤ ቀን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሲያስታርቅ ውሏል። ሬጉላሩ ደግሞ ምዕራፉን አንብቦ መጥቷል፤ የማታው አላነበበም። ሁለቱን አንድ ክፍል የሚያስቀምጥ አስተማሪ ቢገኝ!

*

ቴሲስ ሲደርስ ጨዋታው ይለወጣል። የኤክስቴንሽኑ ተማሪ መጠይቁን በሚመራው የባንክ ቅርንጫፍ ያድላል፤ በማግስቱ ተሞልቶ ይመለስለታል። ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርገዋል፤ የሰጣቸው አለቃቸው ነዋ። ሬጉላሩ በከተማዋ ከሴቻ ሲቀላ እየተመላለሰ ደጅ ይጠናል፤ «ነገ ና» ይባላል፣ ግማሹ መጠይቅ ይጠፋበታል። እኔ የማምነው የእሱን መረጃ ነው። የኤክስቴንሽን ተማሪ ሆይ፣ መጠይቅህን ይዘህ ማንም ወደማያውቅህ ባንክ ሂድ።