በአፈሙዝ ላይ ያለች ሳንቲም

አያቴ በመንዝ ምንሽራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስጨብጡኝ ጥይት አልሰጡኝም። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩና አፈሙዙ አጠገብ አንዲት ሳንቲም አኖሩ፤ «ሳትጥላት ቃታውን ሳብ» አሉኝ።

ሳንቲሟ ሳምንት ሙሉ ወደቀች። ጥፋቱ የዓይኔ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን የክንዴ ነው አሉ። ጠመንጃ በጡንቻ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ በአጥንት ላይ ሲያርፍ ይረጋል። በደረቴ አስተኝተው ግራ ክርኔን ከጠመንጃው ሥር አስገቡ፤ ሰደፉን ከትከሻዬ ጋር አጣበቁ። ትንፋሼን አውጥቼ መልሼ ከመሳቤ በፊት ባለችው ጸጥታ ቃታውን ቀስ አድርጌ እንድስብ አዘዙኝ። አፈሙዝ ከመስመሩ በሺህ አንድ ቢዛነፍ ጥይት በ100 ሜትር 10፣ በ300 ሜትር 30 ሳንቲሜትር ይስታል። (ይህን ስሌት ያወቅሁት ከተማ ገብቼ ነው፤ አያቴ በስንዝር ነበር የሚነግሩኝ።)

በስምንተኛው ቀን ሳንቲሟ ጸናች። ከሸለቆው ማዶ፣ ከገደሉ ግርጌ የተቀመጠውን ቅል በአንድ ጥይት ሰበርሁ።

«አሁን ደግሞ እርስዎ ይተኩሱ እንጂ፣ አባባ!»

መልስ አልሰጡኝም። ምንሽሩን ተቀብለው ወደ ቤት ገቡና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጥይት የሰሰቱ መስሎኝ ቅር አለኝ። ማታ ቡና ሲቀርብ ስኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ቡናው ግን ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ።