ቀኑ ምን አጠፋ?

በምናስተምርበት በሰመራ ከተማ ባለፈው ኅዳር የገጠመንን ነገር ለዚህ መጽሔት ልንጽፍ አስበን ብዙ ጊዜ አቆየነው። በመካከሉ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ስላለበት ነው። አሁን እርሷም አያቷም ፈቅደዋል። ስም ግን አንጠራም።

የነገሩ መነሻ አንድ የግድግዳ ሰሌዳ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በክፍላቸው የኋላ ግድግዳ ላይ «ዛሬ በታሪክ» የሚል ሰሌዳ እንዲሠሩ አደረግን። በየሳምንቱ አንድ ቀን ይመረጣል፤ በዚያ ቀን የተወለደ ታዋቂ ሰው፣ የተፈጸመ ጦርነት፣ የታተመ መጽሐፍ ተፈልጎ ይለጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኅዳር 15ን የመረጥነው እኛ ነን፤ ለአገራችን ስለሚቀርብ።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ቀን 1974፣ እዚሁ አፋር ምድር በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የተባሉ አሜሪካውያን የአንዲት ፍጡር አጥንት አገኙ። ከጠቅላላ አፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተሰበሰበ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተባለ። በዚያ ምሽት በድንኳናቸው ሲዘፈን ከነበረው የቢትልስ ዘፈን ስም ወስደው ሉሲ አሏት፤ አገራችን ድንቅነሽ አለቻት። ያን ጊዜ ዛሬ የምንኖርበት የሰመራ ከተማ አልተቆረቆረም ነበር።

ተማሪዎቻችን ቀኑን ሲያገላብጡ ሁለተኛ ነገር አገኙ። የቻርልስ ዳርዊን «ስለ ዝርያዎች አመጣጥ» የተባለው መጽሐፍ ለንደን ውስጥ የወጣው ኖቬምበር 24 ቀን 1859 ነው። በእኛ አቆጣጠር ብናሰላው እርሱም ኅዳር 15 ላይ ይውላል፤ 1852 ዓ.ም.። ሦስተኛው የከፋ ነው። ድንቅነሽ በተገኘችበት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ደርግ በአዲስ አበባ ስድሳ ያህል የንጉሡን ዘመን ሹማምንትና የጦር መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከመካከላቸው ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ናቸው።

ሰሌዳው ተለጥፎ ክፍሉ ሲወያይ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ኡስታዝ፣ የዳርዊንና የሉሲ ቀን አንድ መሆኑ ሆን ተብሎ የተቀነባበረ ነው!» አለ። ሌላው፣ ንግግር የሚወድ ልጅ፣ «ሌሊት ስድሳ ሰው ቀበሩ፤ ሲነጋ መሬት አንድ አጥንት መለሰች» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኛም ወደድነው። እንዲህ ያለ አባባል ጆሮ ውስጥ ይቀራል።

ነገር ግን መምህር ወዶ ብቻ ዝም አይልም። የሐዳርን ገደል ጎርፍ ሲያጥበው የኖረው በብዙ ክረምት እንጂ በአንድ ሌሊት አይደለም። ተመራማሪዎቹም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1973 እ.ኤ.አ. እዚያው የጉልበት አጥንት አግኝተው ነበር። በመጽሐፉና በአጥንቱ መካከል 115 ዓመት አለ። የዳርዊንን ሐሳብ በተመለከተ፣ ለፈተናቸው ስለሚያስፈልጋቸው እናስተምራለን፤ ስለ አባታችን አደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር ከቁርኣን የተማርነውንም አንደብቅም። ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የሁለት ነገር በአንድ ቀን መዋል ብዙ ጊዜ እንደምናስበው ብርቅ አይደለም። በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ፤ 23 ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ የልደት ቀን የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። 50 ቢሆኑ ከመቶ 97 ይደርሳል። ደግሞስ «አንድ ቀን» የምንለው በየትኛው አቆጣጠር ነው? የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። ድንቅነሽ የተገኘችው በዙልቀዕዳ ወር 1394 ነበር። ልጆቹ በሂጅራ ቢቆጥሩ ኖሮ ዳርዊንና እርሷ በአንድ ሰሌዳ ላይ ባልተገናኙ ነበር።

ስሌቱን በክፍላችን ልንፈትነው ፈልገን የልደት ቀናቸውን ከመዝገብ አወጣን። ሳቅ ሆነ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «የተወለዱት» መስከረም 1 ነው! እንደሚታወቀው የብዙ ልጆቻችን ልደት በወላጅ አፍ «የድርቁ ዓመት»፣ «አዋሽ የሞላ ጊዜ» ተብሎ ይነገራል እንጂ በወረቀት አይጻፍም፤ መዝጋቢው ቀን ሲያጣ አዲስ ዓመትን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ከቤቱ ጠይቆ፣ ትክክለኛውን ቀን ወይም የሚቀርበውን በወረቀት ጽፎ፣ በዚያ ቀን ምን እንደሆነ ጨምሮ እንዲያመጣ አዘዝን።

ሁሉም አመጡ። አንዲት ልጅ ባዶ ወረቀት ሰጠችን። ከክፍል ስንወጣ ጠብቃ፣ «ኡስታዝ፣ የእኔ ቀን ለሰሌዳ አይሆንም» አለችን። አባቷ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከጋላፊ ወደ ሎጊያ ሲመለሱ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እርሷ የተወለደችው በዚያው ቀን ነው። በዘመድ መካከል የሚሏትን በአማርኛ ብንመልሰው «ገደ ቢስ» እንደ ማለት ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ዘንድ እንዳትገባ ይደረጋል። አክስቷ ስትወልድ ወደ ጎረቤት ተልካለች። ይህን ሁሉ ስትነግረን አላለቀሰችም፤ እንደ ተራ ነገር ነበር የተናገረችው። ያ ነው የከበደን።

ያን ሌሊት አልተኛንም። እኛው ነን በሰሌዳ ላይ ቀን ከቀን እያጣመርን፣ ልጆቹ በግጥምጥም ሲደነቁ አብረን ያጨበጨብን። እርሷ ደግሞ ከተወለደች ጀምሮ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ ተለጥፋ ኖራለች።

በልጅነታችን መድረሳ የተማርነው አንድ ታሪክ ትዝ አለን። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም፣ ከማሪያ (ረ.ዐ.) የተወለደው፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ወደ ኋላ አስልተው ግርዶሹን ጃንዋሪ 27 ቀን 632 ላይ ያደርጉታል። የመዲና ሰው «ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት ጨለመች» ማለት ጀመረ። አስቡት፤ ልጁን የቀበረ አባት ነው፤ ሰማይ አብሮህ አዘነ እየተባለ ነው። ዝም ቢሉ እንኳ ማን ይወቅሳቸዋል? እርሳቸው ግን ተነሥተው ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ነገሯቸው፤ ይህን ስታዩ ስገዱ፣ ዱዓ አድርጉ አሉ። ማልቀሱን ግን አልከለከሉም። በኢብራሂም መሞቻ ራሳቸውም አልቅሰዋል።

ዐረቦች በሸዋል ማግባትን ይፈሩ ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ያገቡት በሸዋል ነው። የሰፈርን ወር ይፈሩ ነበር፤ ያንንም ሽረውታል። ዓሹራእ አላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ከፊርዐውን ያዳነበት ቀን ነው፤ በ61 ዓመተ ሂጅራ ደግሞ በዚያው ቀን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ካርባላ ላይ ተገደሉ። ጥፋቱ የገዳዮቹ ነው፤ ቀኑ ምን አጠፋ? ኅዳር 14ም ሰው አልረሸነም፤ የረሸኑት ሰዎች ናቸው።

አያቷን በልጅቷ በኩል ጠይቀን አስፈቅደን፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ቤታቸው ሄድን። ሻይ ቀረበልን። ስለ ሰሌዳው አላነሣንም፤ «እናታችን፣ አንድ ታሪክ ላጫውትዎ» ብለን የኢብራሂምን ታሪክ በአፋርኛ ነገርናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲያበቃ ጠየቁን፦

«ፀሐይ በእርግጥ ጨልማ ነበር?»

«አዎ፣ ጨልማ ነበር።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

«እና ለልጄ አይደለም አሉ?»

«አዎ፣ አይደለም አሉ።»

ብዙ ዝም አሉ። እኛም የምንጨምረው አልነበረንም። አባቱን ሳያይ የተወለደ ነቢይ ኡመት መሆናችንን ልናስታውሳቸው አሰብንና ተውነው። እርሳቸው ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ደግሞም የሞተባቸው ልጅ ነው፤ የእኛ የመጽሐፍ ታሪክ ነው። ስንነሣ ልጅቷን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡና ለእኛ ሳይሆን ለእርሷ መናገር ጀመሩ። የተወለደችው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ለወላዷ ፍየል ታርዶ ነበር። የአባቷ ወሬ የመጣው ከዒሻ በኋላ ነው። በመካከሉ፣ አሉ፣ ያ ቤት ደስታ ነበር፤ እኔም እልል ብያለሁ።

ልጅቷ ይህን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም ነበር።

በሳምንቱ ወረቀቷን አመጣች። አያቷ የረመዳን ጨረቃ ከታየ ስንት ሌሊት እንደነበር ያስታውሱ ስለነበር፣ አብረን ቆጥረን ቀኑን አገኘነው። መዝገቡንም እናስተካክልላት ብለን ጠየቅን፤ ያለ ማስረጃ አይሰረዝም ተባልን። ስለዚህ በመዝገብ እስከ ዛሬ የመስከረም 1 ልጅ ናት። በግድግዳው ላይ ግን ትክክለኛው ቀን ተለጥፏል፤ ከሥሩ በእጇ ሁለት መስመር ጽፋለች። የመጀመሪያው መስመር የእርሷ መወለድ ነው፤ ሁለተኛው የአባቷ መሞት።