ነዳጅ እያለቀ ይሉኝታ!

ትልቅ ሰው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ለእኛ ለሐበሾች ብቻ የተሰጠ ፀባይ ይመስለኝ ነበር። «በእኔ አፍ?»፣ «ይቀየመኛል» እያልን የምንውጠው ቃል ስንት ነው! ለካስ ፈረንጅም ይሉኝታ አለው። ያውም አውሮፕላን ውስጥ፣ ያውም ነዳጅ እያለቀ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978 አሜሪካ ውስጥ ነው። የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 ፖርትላንድ ሊያርፍ ሲል ጎማው ከወትሮው የተለየ ድምፅ አሰማ። ትክክል መውረዱን የሚያሳየው መብራትም አልበራ አለ። ካፒቴኑ «እስኪጣራ» ብሎ አውሮፕላኑን አየር ላይ ያዞረው ጀመር። አንድ ሰዓት ያህል! ሰውየው የብዙ ዓመት ልምድ አለው፤ ሐሳቡ ግን ጎማው ላይ ተቸክሏል። አጠገቡ የተቀመጠው ረዳት አብራሪ ነዳጅ ስንት እንደቀረ ይጠይቃል። የበረራ መሐንዲሱ ደግሞ ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየን በጣም ያንሰናል ይላል። ልብ በሉ፣ ዝም አላሉም! ግን «ጌታው፣ አሁኑኑ ካላረፍን እንወድቃለን» ብሎ ቁርጡን የነገረው የለም። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። አውሮፕላኑ ሜዳው ሳይደርስ ወደቀ። ከ189 ሰዎች 10 ሞቱ፤ አንዱ ያው መሐንዲስ ነው። እሳት እንኳን አልተነሳም፤ ምን ነዳጅ አለና ይነዳል?

መርማሪዎቹ ጥፋቱን በካፒቴኑ ላይ አደረጉ፤ ሁለቱም ሥጋታቸውን በሚገባ አልገለጹም አሉ። በ1979 ናሳ ባለሙያዎችን ሰብስቦ መከረበት። ዩናይትድም በ1981 አብራሪዎቹን ስለዚሁ ነገር ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የበረራ ሠራተኛ ሁሉ ይማረዋል። የአነጋገሩ ብልሃት እንዲህ ነው፦ ሰውየውን በማዕረጉ ጥራው፣ ያየኸውንና ያሠጋህን ሳታድበሰብስ ንገረው፣ መፍትሔውን አቅርብለት፣ ከዚያ «እሺ?» በለው። ስድብም ድፍረትም የለበትም።

እኔ ይህን አጎቴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ከሐዋሳ በሌሊት ስንመጣ መሪ ላይ ያንቀላፋል። ባለቤቱ «ሙዚቃ ልክፈትልህ?» ትላለች። ልጁ ከኋላ «አባዬ፣ ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። መኪናው ውስጥ ያለነው ሁሉ አውቀናል፤ የሚያዞረው ግን ሁሉም ነው። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እያንቀላፉ ነው፤ ሁለት ጊዜ መስመር ስተዋል። ፈርቻለሁ። መቂ ላይ ቆመን ቡና ይጠጡ፣ ትንሽም ይተኙ፤ እሺ?» አልኩት። ቆመ። ጠጣ፤ ተኛም። በማግስቱ ግን ለእናቴ ደውሎ «ልጅሽ አፍ አውጥታለች» አላት። ይኸው አራት ወሩ፣ ቤታችን አይመጣም። እናቴ «ምን አለበት፣ ታላቅሽ ነው፣ ይቅርታ ጠይቂው» ትለኛለች። ታናሽ ወንድሟ ስለሆነ አንጀቷ አልችል ብሏል። እሷን ሳይ አዝናለሁ፤ ይቅርታውን ግን አልጠይቅም። ምን አጥፍቼ?

እዚህ ላይ ነው በፈረንጆቹ የምቀናው። ትምህርቱን ለታናናሾቹ ብቻ አልሰጡም። ካፒቴኑም ክፍል ገብቶ ይማራል፤ መስማትን፣ «እናንተስ ምን ታያላችሁ?» ብሎ መጠየቅን። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ኮርስ ለአጎቶች ቢከፈት ከራሴ ኪስ እከፍል ነበር!

ኮርሱ ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም። በጁላይ 19 ቀን 1989 የዚያው የዩናይትድ ዲሲ-10 የጅራት ሞተሩ አየር ላይ ፈነዳና ሦስቱም የሃይድሮሊክ መስመሮች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። መሪው አልታዘዝ አለ። ካፒቴን አል ሄይንስ በኩባንያው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ ሰው ነው። ከመንገደኞቹ መካከል የነበረ አንድ የበረራ አስተማሪ «ልርዳ?» ብሎ ሲያስልክበት «እኔ እያለሁ» አላለም፤ አስገባው። አስተማሪው የሁለቱን ሞተሮች ኃይል ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ አራት ሆነው አውሮፕላኑን እየተጋገዙ ሱ ሲቲ ድረስ አመጡት። ሲያርፍ ተሰባበረ። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ ከዚያ በኋላ በየመድረኩ ሲጠየቅ ያን ሥልጠና ሳያመሰግን አያልፍም ነበር።