ያ ቀበቶ

ከጦር አካዳሚ የወጣን ሰዎች ስለ ምሽግ፣ ስለ ካርታና ስለ ተኩስ ብዙ ተምረናል፤ ማገዶ ሥር ስለሚተኛ እባብ ግን የተማርነው ሞያሌ ከገባን በኋላ ነው።

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት፣ አንድ ጎኗ የኢትዮጵያ፣ ሌላው የኬንያ የሆነች ከተማ ናት። እባብ ግን ኬላ አያውቅም። ቀይ አፈሩ፣ የግራሩ ቁጥቋጦና ረጃጅሙ ኩይሳ በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ቦረናዎች «ገና» የሚሉት የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፤ አይጥ እህላችንን፣ እባብም አይጥን ተከትሎ ወደ ቤት ይጠጋል።

በዚያ አገር መርዙን ወደ ዓይን የሚተፋ ኮብራ አለ። ግዙፉ ዝርያ ራሱን የቻለ መሆኑ ታውቆ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በኬንያ ዋታሙ የእባብ ማርቢያ ላቋቋሙት ለጄምስ አሽ መታሰቢያ ተሰይሟል። አርብቶ አደሩ እርሱን ለመፍራት እስከዚያ ድረስ አልጠበቀም። መርዙ ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ይገባል። እኛን ግን ያስተማረን እፉኝት ነው። እፉኝት አይሸሽም። መልኩ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ስለማይለይ ባለበት ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሲረገጥ ይነድፋል።

አንድ ምሽት ዝናቡ እንዳባራ፣ ባለቤቷ ለቅኝት የወጣባት የአንድ አሥር አለቃ ሚስት ከቤቷ ጀርባ ማገዶ ልታነሣ በነጠላ ጫማ፣ ባትሪ ሳትይዝ ወጣች። ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ መሬት ተቀምጣ ነበር። ወታደሮቹ እፉኝቱን ገደሉት። አንዱ ወጣት የተቆረጠውን ራስ በእጁ ሊያነሣ ሲል አንድ አዛውንት ዘበኛ እጁን መቱት፤ የተቆረጠ ራስም ይነድፋልና።

እኛም መኮንንነታችን ትዝ ብሎን ቀበቶአችንን ፈታንና ከጉልበቷ በታች ጥርቅም አድርገን አሠርን። ምላጭም እንዲመጣ አዘዝን።

«መቶ አለቃ፣ እግሬ ሊፈነዳ ነው፤ እባክዎ ይፍቱልኝ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ መርዙ ወደ ልብሽ እንዳይወጣ ነው።»

ምላጩ ባይጠፋ ኖሮ ልንበጣትም ነበር።

መኪና ተገኝቶ ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። የተቀበለን ነርስ አስቀድሞ ያየው የተነደፈችበትን ቦታ ሳይሆን ቀበቶውን ነው። የእፉኝት መርዝ ሥጋ የሚያበሰብስ በመሆኑ፣ አጥብቆ ማሠር መርዙን በአንድ ስፍራ ያከማቻል፣ ደምም ይከለክላል፤ መብጣትና መምጠጥም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም አለን። ይገባን የነበረው እርሷን አረጋግቶ፣ እብጠቱ ሳይይዘው አልቦዋን አውልቆ፣ እግሯ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ፣ ሳያስረግጡ ተሸክሞ ፀረ መርዙ ወዳለበት በፍጥነት ማድረስ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነው፤ ቢቆጣን በቀለለን።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በእባብ መነደፍን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። በግምቱ መሠረት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል፤ የዚህ ሦስት እጥፍ ያህሉ እግሩን ወይም እጁን ያጣል፣ አለዚያም ሌላ ዘላቂ የአካል ጉዳት ያገኘዋል። ከእነዚህ ስንቱ በቀበቶ እንደታሠረ እናስባለን።

እግሯ ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቿ ግን ተቆረጡ። አሥር አለቃው ከቅኝት ሲመለስ ሌላ ሰው ሳይቀድመን ልንነግረው ሄድን። ቡና ቀርቦ ነበር።

«ተሸክመው ያደረሱኝ መቶ አለቃ ናቸው» አለችው፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት።

«ቀበቶውን ያሠርነውም እኛ ነን» አልን።

አሥር አለቃው ስኒውን እንደያዘ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ተነሥቶ ከስክሱን አራገፈና ተጫማ፤ በግድግዳው ጥግ የተከመረውን ማገዶ ከቤቱ ሊያርቅ ወጣ። እኛም እጅጌአችንን ሰብስበን ተከተልነው። እርሱ በረጅም እንጨት እየገለበጠ፣ እኛ ባትሪ እያበራን፣ እስኪመሽ ድረስ ክምሩን አዛወርን።