ከደብረ ብርሃን እስከ መገናኛ

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቈረቈሯት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ንጉሡ በሰማይ ላይ ብርሃን ስላዩ ይህን ስም እንደ ሰጧት ይነገራል። ብርዷ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በማለዳ ከመናኸሪያዋ የሚነሣ መንገደኛ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይታያል። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ጥቅምት እኛ ልጆቻቸው እናታችንን ለምርመራ ያመጣናቸው በዚሁ መንገድ ነው።

የእናታችን የግራ ጆሮ ቀስ በቀስ መስማት ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ በውስጡም እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ ሌት ተቀን አይለየውም። በጨለማ ሲራመዱም ግድግዳ ይደገፋሉ። የጆሮ ሐኪሙ ከመረመሯቸው በኋላ እኛን ለብቻ ጠርተው፥ «አኩስቲክ ኒውሮማ የሚባል፥ ከጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ የሚያድግ እብጠት ሊሆን ይችላልና በኤም.አር.አይ. ይታይ» አሉን። ታላቅ ወንድማችን «ሳይረጋገጥ ለምን እናስጨንቃቸው?» አለ፤ ታናሽ እኅታችን ግን ይነገራቸው አለች። ክፉ ወሬን ከሕመምተኛ መሸሸግ በአገራችን የፍቅር ልማድ ነውና ነገሩ ሳይቈረጥ ጒዞ ጀመርን።

እናታችን በአውቶቡሱ በግራ በኩል ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ የሚሰማው ጆሯቸው ወደ እኛ እንዲሆን ነው። ጫጫን አልፈን፥ በቅቤዋ ስሟ የተጠራው ሸኖ ስንደርስ አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ሻይ ቀርቦልን ሳለ፥ «ሐኪሙ ለእናንተ የነገራችሁን ለእኔም ንገሩኝ፤ ጆሮው የእኔ ነው» አሉን። ታላቅ ወንድማችን እየተመለከተን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሁሉንም ነገርናቸው። አንድ ጆሯቸው ከሚደክምባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህ እብጠት አይገኝባቸውም፤ ቢገኝም ካንሰር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። ትንሽ ከሆነ በየጊዜው እየታየ ይጠበቃል፥ ወይም እድገቱ በጨረር ይገታል። አድጎ አንጎልን የሚጫን ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ፊት ሊጣመም፥ የቀረው መስማትም ሊጠፋ እንደሚችል አልሸሸግንም።

እናታችን ጥቂት ዝም ብለው፥ «ፊቴ ቢጣመም የልጅ ልጆቼ ይፈሩኝ ይሆን?» አሉ። ስለ ሞት አልጠየቁም።

አለልቱንና ሰንዳፋን እስክናልፍ ድረስ ወሬያችን ስለ ቀዶ ሕክምናው ሆነ። አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ ስለዚህ እብጠት እ.ኤ.አ. በ1917 መጽሐፍ ባሳተሙበት ዘመን ሥራው ከሞት ለማዳን ብቻ የሚደረግ አስፈሪ ነገር ነበረ። በ1960ዎቹ ዊልያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ የፊትን ነርቭ የማዳን ተስፋ እየጨመረ መጥቷል። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። ይህን ሲሰሙ፥ «እንግዲያው የእኛም ልጆች አሉበት» አሉ።

ለገጣፎንና ኮተቤን አልፈን መገናኛ ወረድን። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ መለየት ይቸግረዋልና፥ የመኪናው ጡሩንባ ሲጮኽ እናታችን ዙሪያቸውን ይመለከቱ ጀመር። እኅታችን በግራቸው ቆማ ክንዳቸውን ያዘች።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ ከቤተ ሰባችሁ አንዱ በአንድ ወገን ብቻ መስማት ቢሳነው «እርጅና ነው» ተብሎ አይተው፤ የጆሮ ሐኪም ይየው። የሚነገረውም ነገር ሕመምተኛው ራሱ ባለበት ይነገር።

ምርመራው ተደርጓል፤ ይህን ስንጽፍ ውጤቱ ገና አልደረሰንም። እናታችን ለሐኪሙ የሚያቀርቧቸውን ሦስት ጥያቄዎች አስጽፈውናል፤ የመጀመሪያው ስለ ፊታቸው ነው።