ድሩን ማን ያሳብረው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ድሮቹ ተፎካካሪ ድርጅቶች ሲሆኑ ግን ተረቱ ያልመለሰው ጥያቄ አለ፦ ማን ያሳብራቸው? አለቃቸው ያልሆነ፣ ደመወዝ የማይከፍላቸው፣ ሊያባርራቸውም የማይችል ሰው በምን ይመራቸዋል?

እ.ኤ.አ. በ1968 የባንክ ኦፍ አሜሪካን ካርድ በፈቃድ የሚያወጡ ባንኮች በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ተሰበሰቡ። ማጭበርበሩና ኪሳራው በዝቶ ስለነበር ስብሰባው ጭቅጭቅ ሆነ። ከሲያትል የመጣ ዲ ሆክ የተባለ የባንክ ኃላፊ ግን «መፍትሔው እኔ ጋ ነው» አላለም። ችግሩን ሁሉም አብሮ እንዲያጠናው ብቻ ሐሳብ አቀረበ። ከባዱ ሥራ ትልቁን ማሳመን ነበር፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ብቻውን የያዘውን ለቆ ከሌሎቹ እኩል አባል እንዲሆን። በ1970 ተሳካ። ዛሬ ቪዛ የሚባለው ከዚያ ተወለደ።

በኋላ የተለያዩ አገሮች ባንኮች በአንድ ድርጅት ለመታቀፍ ሲደራደሩ ነገሩ ሊፈርስ ደረሰ። ሆክ እራት ጋብዞ ለእያንዳንዳቸው የወርቅ የእጅጌ ቁልፍ ሰጣቸው። በአንዱ ላይ የማሳካት ጽናት፣ በሌላው ላይ የመስማማት በጎ ፈቃድ የሚል ሐሳብ ተቀርጿል። ለማግስቱ ስብሰባ አድርገውት እንዲመጡ ለመናቸው፤ ካልተስማሙ የጎደላቸው ምን እንደነበር ዕድሜ ልካቸውን ያስታውሳቸዋል። ተስማሙ።

የኢትዮጵያ ባንኮችም ይህን መንገድ ያውቁታል። አዋሽ፣ ንብና ኅብረት በፕሪሚየር ስዊች ቀድመው ተጣመሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮቹ የጋራ ድርጅት ኢትስዊች ሥራ ጀመረና በአንዱ ካርድ ከሌላው ኤቲኤም ብር ማውጣት የተለመደ ሆነ። ብዙ ማሽን የተከለ ባንክ «በእኔ ወጪ የሌላውን ደንበኛ ለምን ላገልግል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ምክር ሳይሆን ደንብ ነው፦ የተጠቀመው ለተጠቀመበት ይከፍላል።

እቁብ የጣለ ሰው ይህን አመራር አሳምሮ ያውቀዋል። ብሩ የዳኛው አይደለም፤ አባላቱም ሠራተኞቹ አይደሉም። የሚሰሙት ዕጣውን በሁሉም ፊት ስለሚያወጣና ለራሱ ተራ ስለማያዳላ ነው።

የድርጅቶች ጥምረትም እንዲሁ ነው። ሰብሳቢው ወደ ራሱ ድርጅት ማዘንበል የጀመረ ዕለት ማንም ተነሥቶ አይወጣም። ሁሉም ስብሰባውን ይመጣሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ቃለ ጉባኤውን ይፈርማሉ። እውነተኛ መረጃቸውን ግን ቢሯቸው ትተው ይመጣሉ።